ለልጁ ሠርግ የሰፋው ሙሉ ልብስ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ «ነገ ና» ይለዋል። እናታችን ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው «መቼ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል «ነገ ና» ይላል። ሰውየው በማግስቱ ሲመጣም መልሱ ያው ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን አንድ ቀን ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ እንደ ልማዱ ሊመልሳት ሲል፣ «እኔም ለታመመው ሁሉ ነገ ና ብል ኖሮ ይሄኔ ሰፈሩ ባዶ ነበር!» ብላው በሱቁ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እሱም ሳቀ። ቀሚሷን ግን ያን ቀን ይዛ አልሄደችም።

የሠርግ ልብስ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ለሠርግ የተሰጠውን ልብስ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም። ሙሽራ ይሁን ሚዜ፣ ወይም ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሩቅ ዘመድ፣ ልብሱ በቀኑ ተተኩሶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። «ሰው ለሠርግ የሚለብሰውን ልብስ ዕድሜ ልኩን በፎቶ ያየዋል» ይል ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። ሰዎች ሠርጋቸው ጠዋት ድረስ እየመጡ አንገቴ ጠበበ፣ ቁልፌ ወለቀ ይሉታል፣ እሱም ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ሲንበረከክላቸው ይውላል።

ትዳሩም የፈረሰው እንዲሁ ነው ቢባል ብዙ ውሸት አይሆንም። ጠብም፣ ሌላ ሴትም አልነበረም። ሚስቱ ቅዳሜና እሑድ ባል የሌላት ሴት ሆና ቆየችና ልጇን ይዛ ወጣች። ከዚያም አንድ የሒሳብ አስተማሪ አገባች፤ ድምፁ ከክፍል ውጭ የማይሰማ፣ ልጅቷን በየጠዋቱ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው። ወንድሜ «እሑድ እመጣለሁ» ይላት ነበር ለልጁ። እሑድ ሲደርስ ደግሞ ሙሽራ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷ አስተማሪውን «ጋሼ»፣ ወንድሜን «አባዬ» እያለች አደገች። አባዬ ማለቷን አልተወችም። ያንን እንደ ትልቅ ነገር ይቆጥረው ነበር፤ ትልቅ ነገርም ነው።

እኔ ከሰዓት በኋላ ሱቁ እውላለሁ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ የተረፈ ክር እቆርጣለሁ። ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ይሻለኛል። እናም ልጅቷ የጥሪ ወረቀቷን ይዛ የመጣች ቀን እዚያው ነበርኩ።

ደንበኛ የሚቀመጥባት አጭር ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከፍ ብሎ ልጅ ሆና ስትመጣ የነበረውን መሰለች። ወረቀቱን ለአባቷ ሰጠችው፣ እሱም ለእኔ አቀበለኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ስለሆነ ማንበብ ላይ አልቸኩልም፤ ሁለቱም ጠበቁኝ። መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል «ወንዶች እንግዶቻችን ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከከረቫት ጋር፣ ሴቶች ረጅም ቀሚስ እንዲለብሱ በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል።

«ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?» አለ ወንድሜ።

«የእሱ ቤተሰቦች ናቸው» አለች፤ እጮኛዋን ማለቷ ነው። «ሠርጉ እንዲያምር ነው እንጂ ማንም በር ላይ ቆሞ አይመልስም። አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ቀሚስሽ ጠበበሽ እንዴ?»

«ቀሚሴ ደህና ነው።»

ቀሚሷን የእጮኛዋ እናት ገዝታላት ነበር፤ የተሰፋ፣ በሣጥን የመጣ። ወንድሜ ይህን ከሰማ ወዲህ ስለ ሙሽራ ቀሚስ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። አሁን እንደ ቀልድ ያነሳው እንዲያ ስለከነከነው ነው።

«አዳራሹ በር ላይ ክንዴን ይዘኸኝ እንድትገባ እፈልጋለሁ» አለችው። «አንተ።»

የስፌት መኪናውን በእግሩ ይነካካ ነበር፤ አቆመ።

«ጋሼሽስ?»

«ጠየቅኩት። 'አባትሽ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ' አለኝ። ደስ ብሎት ነው፤ ከልቡ ነው።»

ወንድሜ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር በጣቱ ይጠቀልል ጀመር። ልጅቷ ዐይኗን ከሱ አልነቀለችም።

«ግን አባዬ፣ ስድስት ሰዓት ማለት ስድስት ሰዓት ነው። አዳራሹ ከእኛ በኋላ ሌላ ሠርግ አለበት፤ ደቂቃም አይጨምሩልንም። ሙሉ ልብስ ከሌለህ ደግሞ ከዚህ ከፊት ለፊት ተከራይ። አንተ ያስተማርከው ልጅ አይደል? ደስ ብሎት ነው የሚሰጥህ።»

«እኔ?» አለ ወንድሜ። «እኔ የኪራይ ኮት ለብሼ ልጄን ላስገባ?»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም። ሰፋለሁ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እቴቴ፣ አደራ» አለችኝና ተነሣች። አደራዋ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ሁለታችንም ዐውቀነዋል።

እንግዲህ ለሰው ሁሉ ስንት ልብስ የሰፋ ሰው፣ ለራሱ አንድ ደህና ኮት አልነበረውም። ሁልጊዜ የሚለብሰው ኪሱ በጠመኔ የነጣ የሥራ ካፖርት ነው። በማግስቱ ጨርቆች ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣና ትከሻው ላይ እየጣለ ያሳየኝ ጀመር።

«ጥቁር?»

«ጥቁር ለብሰህ ስትገባ አስተናጋጅ መስለሃቸው ውኃ አምጣ ይሉሃል።»

«ግራጫስ?»

«የባንክ ዘበኛ።»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም ስም አለሽ። ቡኒስ?»

«ቡኒ የሟች አጎታችን ነው። እሱን ለብሰህ ብታያት ልጅቷ ትደነግጣለች።»

ስቆ መለሰው። መጨረሻ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ሰማያዊ አወጣ፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጥቁር የሚመስል፣ ሲንቀሳቀስ ግን ሰማያዊነቱ ብቅ የሚል። እጄን ስሰድበት ልስላሴው ሌላ ነው። ከማንም ሳልሰማ ለዚህ ቀን ሲደብቀው እንደኖረ ገባኝ።

«ይኼ ነው» አልኩት።

«ይኼ ነው» አለ። «ገበሩን ወይን ጠጅ አደርገዋለሁ። አይታይም፤ ግን እኔ ዐውቀዋለሁ።»

የእኔ ነገር ቀላል ነበር። ለሠርግ የምለብሳት አንዲት ረጅም ቀሚስ አለችኝ። በየሠርጉ ስላዩዋት ሰዎች ከእኔ በፊት እሷን ሰላም ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

አሁን የምናገረው ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰው የማይሳሳተውን ስሕተት ነው። ሱቁ ጥግ ላይ ልብስ የሚሞከርበት ጭንቅላት የሌለው የጨርቅ ሰው ቆሟል። «ባልንጀራው» እንለዋለን፤ ጭንቅላት ስለሌለው አይጨቃጨቅም። ወንድሜ ከዓመታት በፊት፣ ወፈር ባለበት ዘመን፣ ባልንጀራውን በቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀጠቀ የራሱን ሰውነት አስመስሎት ነበር። ያቺን የሥራ ካፖርት የሰፋት በሱ ላይ ነው። አሁንም ሙሉ ልብሱን በሱ ላይ ቆረጠ።

ባለፈው ክረምት ግን ታሞ ነበር። ሳንባውን አሞት ሰንብቶ ሲነሣ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼዋለሁ። ካፖርቱ ሰፊ ስለሆነች ሥጋው መሄዱን ሸፈነችለት፤ ከሌላውም ከራሱም።

ፊት ለፊት ያለው ተማሪው ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያየው መንገድ ተሻግሮ መጣ። ከዓመታት በፊት በሠርግ ወራት መካከል ትቶት ወጥቶ የራሱን ሱቅ የከፈተ፣ በመስታወት ውስጥ የተዘጋጀ ሙሉ ልብስ እየደረደረ የሚያከራይ ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ጢሙ ሸብቷል። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አይነጋገሩም።

«አለቃ፣ አንዴ ሜትሩን ላዙርብዎት?» አለው በሩ ላይ ቆሞ።

«ለምን?»

«የራስዎን ጀርባ እንዴት ይለኩታል?»

«ጀርባዬ የት እንዳለ ዐውቃለሁ።»

ተማሪው ወደ እኔ አየ፣ እኔም ወደ ቁልፌ። ከዚያ ተመልሶ ሄደ።

«ለምን አታስለካውም?» አልኩት።

«እኔ ነኝ ሜትር አያያዝ ያሳየሁት፣ እቴቴ።»

«ታዲያ በደንብ ካሳየኸው ምን ትፈራለህ?»

«ቁልፍሽን ትከዪ» አለኝ።

የሠርግ ወራት ነበርና ሰው ጎረፈ። የራሱን ኮት በደንበኛ መሃል፣ በትርፍ ጊዜ ሰፋው። እንዲያ ሲሰፋ አይቼው አላውቅም ነበር። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በመኪና አልሠራቸውም፤ አንድ በአንድ በእጁ። የኮሌታውን ጠርዝ ፈትቶ ደግሞ ሰፋው። አንዳንዴ ሥራውን አቁሞ ልብሱን ባልንጀራው ላይ አልብሶ ራቅ ብሎ ያየዋል። ቢናገር ኖሮ «እስካሁን ሳልሰጣት የቀረሁት ሁሉ ይኼ ላይ ነው» የሚል ይመስለኛል። በዚያ ሠርግ ላይ የእጁ ሥራ የሚታየው በራሱ ሰውነት ላይ ብቻ ነበር፤ ሙሽሪት በሌላ ሰው ስፌት ልትገባ ነው።

ራሱ ላይ ግን አልሞከረውም። «አልቆ ነው የምለብሰው» ይላል። ሙሽሪት ቀሚሷን እንደምትደብቅ ሁሉ እሱም ኮቱን ከራሱ ደበቀ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ለሌላ ሠርግ የሚሄዱ ሰዎች ልብሳቸውን ወሰዱ። ያንን ከጨረሰ በኋላ ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፣ ሱሪውን አጠለቀ። ሱሪው በቀበቶ ተሰበሰበለት። ከዚያ ኮቱን ለብሶ ጥጓ የተሰነጠቀችው መስታወት ፊት ቆመ።

እኔ ከኋላው ነበርኩ። ከፊት ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። ዞር ሲል ግን የኮቱ ትከሻ ከራሱ ትከሻ አልፎ ወደ ክንዱ ወርዷል፤ ጀርባው ላይም ጨርቁ ባዶ ሆኖ ታጥፏል። ወንድሜ በመስታወቱ ውስጥ ያየው ግን ልብሱን ብቻ አልመሰለኝም። የሄደውን ሥጋውን ያየ ይመስለኛል። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

«እቴቴ፣ አየሽው?»

«ምኑን?»

«ትከሻውን።»

«ያምራል። በል እንሂድ።»

«የሰው ኮት የለበስኩ ነው የምመስለው።»

«ማን ያይልሃል? ሰው ሙሽራ ለማየት ነው የሚመጣው።»

«ልብስ የሚያውቅ ሁሉ ያየዋል።»

«እንግዲያው አንተና ተማሪህ ብቻ ናችሁ። ተማሪህ ደግሞ አልተጠራም!»

አልሳቀም። ኮቱን አወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አገላብጦ ዘረጋው፣ ምላጭ አነሣ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባኝ ገበሩ ተከፍቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ኮቱን ለብሶ ታክሲ ይጠብቃል። ትከሻ መፍታት የማያውቅ ሰው ሁሉ እንዴት ዕድለኛ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

«ጊዜ አለን፤ አንዱን እጅጌ ብቻ ነው» አለ።

አንዱ እጅጌ ሲወጣ ሌላው እንደማይቀር እኔ ቁልፍ ተካዪዋ እንኳ ዐውቃለሁ። የትከሻውን ስፖንጅ አወጣ፣ ትከሻውን በጠመኔ አሰመረ፣ ቆረጠ። ሥራ ላይ ሲሆን የሚመጣበት ያ ዝምታ መጣበት፤ እዚያ ውስጥ ሲገባ ቤት ቢቃጠል አይሰማም። ያ ዝምታ ትዳሩን እንዴት እንደበላው ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይኔ ያየሁ መሰለኝ።

ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ናት።

«እቴቴ፣ ፀጉር ቤት ጨርሼ ወደ አዳራሹ እየሄድኩ ነው። የት ደረሳችሁ?»

ወንድሜ በእጁ «እየመጣን ነው በያት» የሚል ምልክት ሰጠኝ።

«አባትሽ ኮቱን እያስተካከለ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ዘጋች።

ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ተማሪው ነገሩ ከገባው በኋላ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ፤ የተበታተነውን ኮት ሲያይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«አለቃ! ይኼን ሰዓት ይተረተራል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ትከሻው ወርዶብኛል።»

«ከእኔ ጋ ልክዎ የሆነ አለ። ጥቁር ነው። አሁኑኑ ላምጣው፤ ለብሰው ይሂዱ።»

«አልለብስም።»

«አለቃ፣ ልጅዎ እኮ ናት!»

«ልጄ ስለሆነች ነው!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኪራይ ልብስ ለብሼ አልገባላትም። በስንት ዓመቴ አንዴ በጠራችኝ።»

ተማሪው መርፌ ፈለገ፣ ክር ከተተበት፣ ጎኑ ተቀምጦ ሌላኛውን እጅጌ ሳበው። ወንድሜ አየው። «የመያዣ ክሩን አታጥብቀው» አለው ብቻ። «ዐውቃለሁ፣ አለቃ» አለ ልጁ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው ሲሰፉ ላያቸው ሰው ዓመታት ሙሉ የተኮራረፉ አይመስሉም። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ አለቅስ ነበር።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«እቴቴ፣ አባዬን ስጪልኝ።»

ወንድሜ ስፒሎቹን በከንፈሩ እንደያዘ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል።

«አባዬ፣ በሩ ላይ ነኝ። ያለ ኮት ና። በሸሚዝ ና።»

ስፒሎቹን መዳፉ ላይ ተፋ። «መጣሁ፣ መጣሁ የኔ ልጅ። ካውያ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አባዬ፣ ሰዎቹ በሩን ክፈቱ እያሉ ነው።»

«መጣሁ አልኩሽ እኮ።»

ካውያ ብቻ አልነበረም የቀረው። ገበሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

ታክሲ ውስጥ ኮቱን እንዳይታጠፍ በመስቀያ ይዞ ከመስኮቱ አጠገብ አንጠለጠለው። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶ፣ «ሙሽራው ኮቱ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ወንድሜ ጉልበቱ ላይ የተጣበቀ ክር አግኝቶ ደጋግሞ ያነሣዋል፤ ክሩ ከወደቀ በኋላም ያነሣው ነበር።

አዳራሹ ደጅ ላይ ኮቱን አለበስኩት። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ልብስ አላየሁም። ትከሻው ቀጥ ብሎ፣ ጀርባው ሰውነቱን ተከትሎ ወርዶ፣ ሽማግሌው ወንድሜ የሆነ የተከበረ ሰው መሰለ። ከረቫቱን አስተካከልኩለት። ከዚያ ወደ ትልቁ በር ሄድን፤ ተዘግቷል። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አይቶ በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«ሙሽሮቹ ገብተዋል፣ ጌታዬ። እንግዶች በጎን በር ነው።»

በጎን በር ገባን። እንግዳ ሆነን።

ልጅቷ ፊት ለፊት ከባሏ ጎን ቆማለች። አስተማሪው እጇን አስረክቦ ከመድረኩ እየወረደ ነበር። አልተዘጋጀም፤ ከኋላ ወንበር ሊቀመጥ የመጣ ሰው ነው። የለበሰው ኮት የኪራይ ይሁን የወንድሙ እንጃ፣ እጅጌው ጣቱ ድረስ ወርዶ፣ ትከሻው ከትከሻው አልፎ ተንጠልጥሏል። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበለት። ሴቶች ዐይናቸውን ይጠራርጋሉ። ያንን ትከሻ ያየው አንድም ሰው አልነበረም። ወንድሜ ግን አየው። አይቶም የራሱን ትከሻ በእጁ ዳሰሰ።

አስተማሪው ሲያየን ወደ እኛ መጣ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነው።

«ጠብቀንህ ነበር» አለው። «በሩን አልከፍትም ብላ ቆማ ነበር። የአዳራሹ ሰዎች ናቸው የገፋፉን። እኔ... እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልመጣሁም።»

«ዐውቃለሁ» አለ ወንድሜ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። አጠገባችን የነበረች ወፈር ያለች ሴት፣ የባልየው አክስት ናት መሰለኝ፣ ወንድሜን እያየች መታገሥ አቃታት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼን ልብስ ማን ነው የሰፋልዎ? ለባለቤቴ እንደዚህ ያለ ፈልጌ ከተማውን ዞሬዋለሁ።»

«አንድ ሰው ነው» አላት። «አሁን መስፋት ትቷል።»

ልጅቷ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረች እንግዳ ስታመሰግን ወደ እኛ ደረሰች። ተነሣን። እኔን አቀፈችኝ። ከዚያ ከአባቷ ፊት ቆማ የኮቱን ኮሌታ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«በጣም ነው የሚያምረው፣ አባዬ።»

«ትከሻው ወርዶብኝ ነበር» አላት። «ትከሻው ነው ያስቀረኝ።»

«ትከሻህን መቼ አየው ነበር?» አለችው። «ክንድህን ይዤ ፊት ለፊት ነበር የማየው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ይኼኔ ፎቶ አንሺው ደረሰ። የሚቀልድ፣ የሚሯሯጥ ሰው ነው። አባትየው መሆኑን ሲሰማ፣ «ታዲያ ምን ችግር አለ! ወጥታችሁ እንደገና ትገባላችሁ፤ እኔ አነሣችኋለሁ። በፎቶ ማን ያውቃል?» አለ። ልጅቷ ወደ አባቷ አየች። ዐይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ጉልበቷ ከፍ ብሎ ሱቁ ውስጥ እዚያች አጭር ወንበር ላይ የተቀመጠችዋ ልጅ ናት።

«እንሂድ፣ አባዬ?»

ወንድሜ ቀና ሲል ያየው አስተማሪውን ነው። አስተማሪው ራቅ ብሎ፣ ያ ሰፊ ኮቱ ውስጥ ሆኖ፣ ያላየ መስሎ ብርጭቆ እያስተካከለ ነበር።

«አይሆንም» አለ ወንድሜ። «ያስገባሽ ሰው እዚያ ቆሟል። ፎቶው የሱ ነው።»

«እሺ፣ አባዬ» አለች። በቶሎ፣ ሳትከራከር። ገና ትንሽ ልጅ ሆና፣ ስልክ ደውሎ ዛሬ አልመጣም ሲላት «እሺ፣ አባዬ» የምትልበት ያው ድምፅ ነው፤ ስልኩን እኔ ይዤለት ስለነበር አልረሳውም። ጉንጩን ሳመችው። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች፤ እዚያም ስትስቅ ሰማኋት።

ትክክል እንደሠራ ዐውቃለሁ። የሰውየውን ቦታ አልነጠቀም። ግን ትክክል መሥራት የነበረበት ጠዋት ነበር።

ሌላው ሠርግ ሊገባ ሰዎቹ ወንበር መሰብሰብ ሲጀምሩ ወጣን። ታክሲ ውስጥ ወንድሜ ኮቱን አወለቀ። ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት ገልብጦ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጎ አጠፈውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ወይን ጠጁ ገበር በመስኮቱ ብርሃን ደመቀ። አንዱ ትከሻ ጋ፣ በችኮላ የተዘጋበት ቦታ፣ ስፌቱ ትንሽ ጠማማ ነው። ያንን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ብዙ መንገድ ሄድን።

«ሰፍቶኝም ቢሆን እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «መግባት እችል ነበር።»

ላጽናናው ፈልጌ ነበር። ውሸት ብነግረው ግን ያውቀኛል።

«ትችል ነበር» አልኩት።